ቤት መሥሪያ ቤት ሲሆን
በሦስት የእንግሊዝ አገር ማዘጋጃ ቤቶች የተደረገ ጉብኝት

አማርኛን በመማር ላይ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። በአማርኛ የመንግሥት ሥራ ሁሉ «ቤት» አለው። ዳኛ የሚፈርድበት ፍርድ ቤት፥ እንደራሴዎች የሚመክሩበት ምክር ቤት፥ ከተማ የሚተዳደርበት ማዘጋጃ ቤት፥ ጸሓፊ የሚጽፍበት ጽሕፈት ቤት ይባላል፤ ሁሉንም በአንድነት የሚጠራቸው ስም ደግሞ መሥሪያ ቤት ነው። እኔ አፌን በፈታሁበት በትግርኛ ቃሉ ይገለበጥና «ቤት ጽሕፈት» ይሆናል። ቤቱ ይቀድማል፥ ጽሕፈቱ ይከተላል። ቅደም ተከተሉ ቢለያይም ሐሳቡ አንድ ነው፤ ሥራ ያለ ቤት አይታሰብም፥ ባለጉዳይም ሹሙን የሚያገኘው በዚያ ቤት ደጃፍ ነው።

በዘመናችን ግን ይህ የቃል ጋብቻ ሊፈርስ ተቃርቧል። ጸሓፊው በመኖሪያ ቤቱ ማእድ ቤት አጠገብ ተቀምጦ፥ በኮምፒውተርና በኢንተርኔት የመንግሥትን ሥራ ይሠራል። እንግዲህ ጽሕፈት ቤቱ የት ነው? ባለጉዳይስ ደጅ የሚጠናው በማን ደጃፍ ነው? የቀረው ወጪስ ለማን ይተርፋል?

ይህን ጥያቄ የማነሣው ለጨዋታ አይደለም። እኔ የምሠራበት የአንድ ከተማ ማዘጋጃ ቤት የሒሳብ ክፍል ከዓመት ወደ ዓመት ገቢው ከወጪው እያነሰ ተቸግሯል። በዚህም ምክንያት፥ በጠረጴዛ ሥራ ላይ ያሉት ሠራተኞች ከቤታቸው ሆነው እንዲሠሩና የተከራየነው ሕንፃ ለባለቤቱ እንዲመለስ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኔም አስተያየቴን በጽሑፍ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። እ.ኤ.አ. በ2025 መከር ለአጭር ትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር በሄድሁ ጊዜ፥ ይህን መንገድ ከእኛ አስቀድመው የሄዱበትን ሦስት ማዘጋጃ ቤቶች በዐይኔ ለማየት ወሰንሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመኖችና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ጉዞው ከመግባቴ በፊት የአገሩን የገንዘብ ሥርዓት በአጭሩ ላስረዳ። «በጀት» የሚለውን ቃል ሁላችንም እንደ ራሳችን ቃል አድርገን እንናገረዋለን፤ ምንጩ ግን ትንሽ የቆዳ ከረጢት ማለት የነበረ የፈረንሳይኛ ቃል ነው። የእንግሊዝ ማዘጋጃ ቤት ከረጢት በሦስት እጅ ይሞላል። አንደኛው ካውንስል ታክስ የሚሉት የመኖሪያ ቤት ግብር ነው፤ ይህም ግብር በ1993 የተጀመረ ሲሆን፥ የሚታሰበው ቤቱ በ1991 ባወጣው ዋጋ ግምት ነው። ሁለተኛው ከንግድ ቤቶች የሚሰበሰብ ግብር ነው። ሦስተኛው ከማዕከላዊው መንግሥት የሚሰጥ ድጎማ ነው። ከ2010 ወዲህ የእንግሊዝ መንግሥት ቁጠባ ባወጀባቸው ዓመታት ይህ ሦስተኛው እጅ በብዙ አጠረ፤ የገበያው ውድነት ተቀንሶ ሲታሰብ፥ ከ2010 እስከ 2018 ባለው ጊዜ ውስጥ ከመንግሥት የሚመጣው ገንዘብ በግማሽ ያህል ቀነሰ። የአረጋውያን ቁጥርና ረዳት የሚሹት ሕፃናት ቁጥር ግን አልቀነሰም።

እነዚህ ማዘጋጃ ቤቶች እንደ ነጋዴ ሊከስሩ አይችሉም፤ ለዕለት ወጪም መበደር በሕግ ተከልክለዋል። በየዓመቱ ገቢና ወጪያቸውን ማስተካከል ግዴታቸው ነው። ይህ ሳይሆን የቀረ እንደ ሆነ፥ በ1988 በወጣው ሕግ አንቀጽ 114 መሠረት የገንዘቡ ሹም ማስታወቂያ ያወጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሕግ ከታዘዘው አገልግሎት በቀር አዲስ ወጪ ሁሉ ይቆማል፤ የምክር ቤቱም አባሎች በ21 ቀን ውስጥ ተሰብስበው መምከር አለባቸው። ይህን ማስታወቂያ የሚጽፈው ሰው የተመረጠ ፖለቲከኛ ሳይሆን እንደ እኔ ያለ የሒሳብ ሰው መሆኑ በጣም አስደነቀኝ። አለቆቹ ቢቈጡም ቢለምኑም እውነቱን መጻፍ ግዴታው ነው።

መጀመሪያ የሄድሁት ወደ ክሮይደን ነው። ክሮይደን በለንደን ደቡብ ያለች፥ በ2021 የሕዝብ ቆጠራ ወደ 390 ሺህ ሰው የተቈጠረባት ሰፊ የከተማ ክፍል ናት። ከባቡር ጣቢያው ሲወጡ ረጃጅም ሕንፃዎች ይታያሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ሉናር ሃውስ ይባላል። ሰው ጨረቃን በረገጠበት ዘመን የተሠራ በመሆኑ በጨረቃ ስም ተጠራ። ከአፍሪካ ቀንድ ወደ እንግሊዝ አገር የተሰደደ ሰው ይህን ስም ሲሰማ ልቡ ይመታል፤ ለብዙ ዓመታት የስደተኞች ጉዳይ የሚመረመረው በዚያ ነውና። ኤርትራዊውም፥ ኢትዮጵያዊውም፥ ሶማሊያዊውም በዚያ ደጃፍ በብርድ ተሰልፏል። በዚያ ቤት ባለጉዳይ ራሱ በአካል ካልቀረበ ነገሩ አይሆንም፤ ጣቱ ይታተማል፥ ፊቱ ይታያል።

ከዚያ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ሄዶ የሚገኘው የማዘጋጃ ቤቱ ዋና መሥሪያ ቤት ግን በሌላ ሐሳብ የቆመ ነው። ሕንፃው ከ1983 እስከ 1992 የእንግሊዝ ፓርላማ አፈ ጉባኤ በነበሩት በበርናርድ ዌዘሪል ስም የተሰየመ ሲሆን፥ በ2013 ሥራ ጀመረ። ወደ 140 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጅቷል ስለ ተባለ በከተማው ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ብዙ ሠራተኞች በአንድ ጣሪያ ሥር ቢሰበሰቡ ወጪ ይቀንሳል፥ ሥራም ይቀላጠፋል ተብሎ የታሰበ ቤት ነበረ። ሰባት ዓመት ሳይሞላው ግን በማርች 2020 የኮሮና ወረርሽኝ መጣና ሠራተኛው ሁሉ ወደየቤቱ ተላከ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 11 ቀን የክሮይደን የገንዘብ ሹም የአንቀጽ 114ን ማስታወቂያ አወጡ።

ይሁን እንጂ ነገሩን በቅርብ ስመረምረው፥ ማዘጋጃ ቤቱን የጣለው የወረርሽኙ ወጪ ብቻ እንዳልሆነ ተረዳሁ። የመንግሥት ድጎማ ባነሰ ጊዜ ሹማምንቱ በንግድ ትርፍ ሊተኩት አሰቡ። ቤት ሠርቶ የሚሸጥ የራሳቸውን ኩባንያ አቋቁመው ወደ 200 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል አበደሩት። በ2018 አንድ ሆቴል በ30 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ገዙ፤ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ድርጅት በ2020 ወደቀ፤ ሕንፃውም በ2021 ከተገዛበት ባነሰ ዋጋ ተሸጠ። ጠቅላላ ዕዳቸው ወደ 1.5 ቢሊዮን ፓውንድ ደረሰ። አባቶቻችን «በሬ ሆይ፥ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነገር ነው። የሚከፍለው ግን በሬው አልነበረም፤ በ2023 የክሮይደን ነዋሪ የቤት ግብሩ በአንድ ጊዜ 15 በመቶ ተጨመረበት።

ከክሮይደን ተነሥቶ ለንደንን በመካከል ሰንጥቆ እስከ ካምብሪጅ የሚደርስ ባቡር አለ። በዚያ ባቡር ተሳፍሬ ስጓዝ ብዙዎቹ መንገደኞች ኮምፒውተራቸውን በጉልበታቸው አድርገው ይሠሩ ነበር። ያን ጊዜ ስለ ስብሰባ ያነበብሁት ነገር ትዝ አለኝ። በእንግሊዝ አገር በ1972 የወጣው የአስተዳደር ሕግ የምክር ቤት አባል በስብሰባ አዳራሽ በአካል እንዲገኝ ያስገድዳል። በወረርሽኙ ጊዜ ግን ከአፕሪል 2020 እስከ ሜይ 7 ቀን 2021 በቪዲዮ መሰብሰብ ተፈቅዶ ነበር። በዚያው ጊዜ ሃንድፎርዝ የምትባል ትንሽ ቦታ ምክር ቤት በዲሴምበር 2020 ያደረገው ስብሰባ ጭቅጭቅ የበዛበት ሆነና፥ ሥዕሉ በፌብሩዋሪ 2021 በኢንተርኔት ተሠራጭቶ ሚሊዮኖች ተመለከቱት። ሰዎቹ ሲቈጣጡና ሲጯጯሁ፥ ስብሰባውን የምታስተናግደውም ሴት አንዱን ተከራካሪ በጣቷ ተጭና ከስብሰባው ስታስወጣው ዓለም ሁሉ ሳቀ። እኔም ሥቄያለሁ፤ ነገር ግን አንድ ቁም ነገር አገኘሁበት። ከዚያ በፊት የመንደር ምክር ቤት ስብሰባ ለመስማት ማን ይቀመጥ ነበር? መስኮቱ ሲከፈት ሕዝቡ የሹማምንቱን ጠባይ አየ። ፈቃዱ ባለቀ ጊዜ ፍርድ ቤት ሕጉ ካልተለወጠ በአካል መገናኘት ግዴታ ነው ብሎ ስለ ወሰነ፥ ሁሉም ወደ አዳራሹ ተመለሰ።

ሁለተኛው ጉብኝቴ በካምቦርን ሆነ። ይህች ከካምብሪጅ በስተ ምዕራብ በእርሻ መካከል የተቈረቈረች አዲስ ከተማ ስትሆን፥ ግንባታዋ የተጀመረው በ1998 ነው። የደቡብ ካምብሪጅሺር አውራጃ አስተዳደር ዋና መሥሪያ ቤት በዚያ ይገኛል። በዙሪያው ሜዳና ኩሬ አለ፤ ጸጥታው የገዳም ጸጥታ ይመስላል። በካምብሪጅ አካባቢ ኑሮ እጅግ የተወደደ ስለ ሆነ፥ አስተዳደሩ መሐንዲስና የቤት ሥራ ፕላን መርማሪ ለመቅጠር ይቸገር ነበር። የጐደለውን ቦታ የሚሞላው በአቅራቢ ድርጅቶች በኩል በሚመጡ ጊዜያዊ ሠራተኞች ነበር፤ የእነዚህም ዋጋ ከቋሚ ሠራተኛ ዋጋ ይበልጣል።

እንግዲህ ደመወዝ መጨመር ያልቻለ መሥሪያ ቤት ምን ይስጥ? ጊዜ ሰጠ። ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ የጠረጴዛ ሠራተኞቹ በሳምንት አራት ቀን ሠርተው የአምስት ቀን ደመወዝ እንዲቀበሉ ተደረገ፤ ሆኖም ሥራው ሳይጓደል ሙሉ በሙሉ እንዲፈጸም ውል ገቡ። ሠራተኞቹ የዕረፍት ቀናቸውን ስለሚለዋወጡ መሥሪያ ቤቱ አምስቱንም ቀን ክፍት ነው። የጊዜው ሚኒስትር ይህ የሕዝብን ገንዘብ ማባከን ነው ብለው ሙከራው እንዲቆም በደብዳቤ ጠየቁ፤ በኖቬምበር 2023ም መንግሥት የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ላከ። አስተዳደሩ ግን በቁጥር መለሰ። በጊዜያዊ ሠራተኛ ይወጣ ከነበረው በዓመት ከ370 ሺህ ፓውንድ በላይ መትረፉን አሳየ፤ ውጤቱን የመረመሩት የዩኒቨርሲቲ ሊቃውንትም አብዛኛው አገልግሎት ወይ እንደ ነበረ መቆየቱን ወይም መሻሻሉን መሰከሩ። በጁላይ 2025 ምክር ቤቱ ሥርዓቱን ቋሚ እንዲሆን ወሰነ።

በዚህ ነገር ውስጥ ትልቅ ትምህርት አለ። በእኛ አገር ሠራተኛ የሚመሰገነው በሰዓቱ ገብቶ በሰዓቱ በመውጣቱ ነው፤ ኮቱን በወንበሩ ላይ ሰቅሎ የሚሄደውን ሰው ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወንበሩ በሥራ ላይ ነው፥ ሰውዬው ግን ቡና ቤት ነው። በካምቦርን የሚቈጠረው የተመረመረው ማመልከቻና የተመለሰው ስልክ ነው። ይህ ልኬት ከሌለ ከቤት ሆኖ መሥራት መጠራጠርን ብቻ ይወልዳል፤ አለቃው በየሰዓቱ ይደውላል፥ ሠራተኛውም በየሰዓቱ ይምላል። «የማይተማመን ባልንጀራ በየወንዙ ይማማላል» እንደ ተባለው ነው።

ሦስተኛዋና ትልቋ በርሚንግሃም ናት። ከካምብሪጅ እስከ በርሚንግሃም በባቡር ሦስት ሰዓት የሚጠጋ መንገድ ነው። በ2021 ቆጠራ ከ1 ሚሊዮን 140 ሺህ በላይ ሕዝብ የተገኘባት ይህች ከተማ በ101 የምክር ቤት አባሎች ትተዳደራለች፤ ማዘጋጃ ቤቷም ከአውሮፓ ትልቁ ነው ይባላል። በቪክቶሪያ አደባባይ ቆሜ ዙሪያዬን በተመለከትሁ ጊዜ የቀድሞዎቹ ሰዎች ኩራት ታየኝ። በአንድ በኩል በ1834 የተከፈተው አዳራሽ የሮማውያንን ቤተ ጣዖት መስሎ በአዕማድ ቆሟል፤ በሌላ በኩል በ1879 የተፈጸመው የምክር ቤት ሕንፃ ከነጕልላቱ ከፍ ብሎ ይታያል። በመካከሉ በ1993 የተሠራ ታላቅ ፏፏቴ አለ። ይህ ፏፏቴ ራሱ የበጀት ታሪክ ነው። ውሃው እያፈሰሰና ማደሻው እየከበደ ስለ ሄደ ተዘግቶ፥ በ2015 በውሃ ፈንታ አፈርና አበባ ተሞላ። የኮመንዌልዝ ጨዋታ በከተማዋ በተደረገበት በ2022 እንግዳ ሲመጣ ውሃው ተመለሰ። በዓመቱ ማዘጋጃ ቤቱ ገንዘብ አለቀብኝ አለ።

ከ1873 እስከ 1876 የከተማዋ ከንቲባ የነበሩት ጆሴፍ ቻምበርሌን የጋዝና የውሃ ድርጅቶችን ለማዘጋጃ ቤቱ ገዝተው፥ ከጋዙ በሚገኘው ትርፍ ከተማዋን እንዳሳመሩ ይነገራል። ከዚያም በኋላ ከዌልስ ተራሮች ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ በቦይ የተሳበ ውሃ በ1904 ከተማዋ ደረሰ። እንዲህ ያለች ከተማ በሴፕቴምበር 5 ቀን 2023 የአንቀጽ 114ን ማስታወቂያ አወጣች። የዚያ ዓመት ጕድለት 87 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። መንግሥት ኮሚሽነሮች ሾመባት፤ በ2024 የቤት ግብር 10 በመቶ ያህል፥ በ2025 ደግሞ 7.5 በመቶ ያህል ተጨመረ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 300 ሚሊዮን ፓውንድ የሚደርስ ወጪ እንዲቀነስ ተወሰነ። በ2013 በ188 ሚሊዮን ፓውንድ ተሠርቶ የተከፈተው ዕጹብ የሚያሰኝ ቤተ መጻሕፍትም ገና በ2015 የመክፈቻ ሰዓቱ በሳምንት ከ73 ወደ 40 ወርዶ ነበር።

ምክንያቱን ስንመረምር ሁለት ነገር እናገኛለን፤ ሁለቱም እኛ ከያዝነው ጉዳይ ጋር የተያያዙ ናቸው።

የመጀመሪያው የእኩል ደመወዝ ጉዳይ ነው። ወንዶች በሚበዙበት ሥራ፥ ማለት በቆሻሻ ማንሣትና በመንገድ ጥገና፥ ጉርሻ ይከፈል ነበር። ሴቶች በሚበዙበት ሥራ፥ ማለት በምግብ ማብሰል፥ በጽዳትና በአረጋውያን እንክብካቤ፥ ይህ አልነበረም። ሴቶቹ ተከራከሩ፤ በ2012 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት 174 ሰዎች ያቀረቡትን ጉዳይ እንዲቀጥሉ ፈቀደላቸው። ማዘጋጃ ቤቱ ከዚያ ወዲህ ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ከፈለ፤ ለዚሁ ክፍያ ታላቁን የኤግዚቢሽን ማዕከሉን በ2015 ሸጠ። ነገሩ በዚህ አላለቀም። ቆሻሻ የሚያነሡት ሰዎች ሥራቸውን እንደ ጨረሱ ወደ ቤታቸው እንዲሄዱና የሙሉ ቀን እንዲከፈላቸው የሚፈቅድ ልማድ ቀረ፤ ሽማግሌ የምታጥበው ወይም ወለል የምትወለውለው ሴት ግን ይህ ፈቃድ አልነበራትም። አዲስ ክስ ተነሣ፤ በ2023 ዕዳው ከ650 እስከ 760 ሚሊዮን ፓውንድ ተገመተ። አስተውሉ፤ ትልቋን ከተማ ካንበረከኩት ነገሮች አንዱ «ማን ቀደም ብሎ ወደ ቤቱ ይሂድ?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው የኮምፒውተሩ ጉዳይ ነው። በአፕሪል 2022 ማዘጋጃ ቤቱ ሒሳቡንና የሠራተኛ ጉዳዩን ኦራክል ወደተባለ አዲስ የኮምፒውተር ሥርዓት አዛወረ። በ20 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ያልቃል የተባለው ሥራ በ2023 እስከ 100 ሚሊዮን ሊፈጅ እንደሚችል ተነገረ። ሒሳቡም አልታረቅ አለ፤ ገቢውንና ወጪውን በትክክል የሚያሳይ መዝገብ ጠፋ። ሠራተኛው በየቤቱ ተበትኖ ሳለ ሁሉን የሚያገናኘው ይህ ሥርዓት ነውና፥ እርሱ ሲታመም መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ታመመ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት በልጅነቴ የተማርሁት፥ ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቈጥር የሚያስተምረው ምሳሌ በዚህ ጊዜ ታወሰኝ።

በከተማዋ በስተ ምሥራቅ ብዙ የአፍሪካ ቀንድ ሰዎች ይኖራሉ። በማርች 11 ቀን 2025 የጀመረው የቆሻሻ አንሺዎች ሙሉ አድማ እኔ በነበርሁበት ጊዜ ገና አላበቃም ነበር። ያገሬ ልጅ የሆነች አንዲት ሴት ቡና አፍልታ ተቀበለችኝ። ሥራዋ በየቤቱ እየዞሩ አረጋውያንን መርዳት ነው፤ የምትሠራው በማዘጋጃ ቤቱ ገንዘብ ቢሆንም የቀጠራት ግን ድርጅት ነው። ስለ ጉዞዬ ምክንያት በነገርኋት ጊዜ ፈገግ አለችና በትግርኛ እንዲህ አለችኝ፤ «ወንድሜ፥ እኔም ከቤት ሆኜ ነው የምሠራው፤ ነገር ግን ከሰው ቤት ሆኜ ነው። ሽማግሌውን በስልክ አላጥበው!» ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ስትሄድ በአውቶቡስ የምታጠፋው ጊዜ እንደማይቈጠርላትም ነገረችኝ። «አንቺ እኅቴ፥ ይህን ለምን አትናገሪም?» አልኋት። «ለማን? ቢሮው ባዶ ነው፤ ስልኩም ቍጥር ተጫን ይለኛል» አለች።

ይህ ቃል ከአንድ መቶ ገጽ ሪፖርት የበለጠ አስተማረኝ። ከማዘጋጃ ቤቶች ወጪ ከግማሽ የሚበልጠው የሚሄደው ለአረጋውያን፥ ለአካል ጉዳተኞችና ለሕፃናት እንክብካቤ ነው። ይህም ሥራ የሚሠራው በእጅና በእግር እንጂ በኢንተርኔት አይደለም። ስለዚህ የጠረጴዛ ሠራተኛ በሙሉ ወደ ቤቱ ቢገባ የሚተርፈው የመብራት፥ የማሞቂያና የጽዳት ወጪ ነው። ጥሩ ትርፍ ነው፤ ግን ትልቁን ጕድለት አይሞላውም። ሕንፃ የተሸጠ እንደ ሆነም ገንዘቡ የሚገኘው አንድ ጊዜ ነው፤ ደመወዝ ግን በየወሩ ይከፈላል። ላም ሽጦ ወተት የገዛ ሰው በመጨረሻ ላሙንም ወተቱንም ያጣል።

ለቤተ ሰብም የሚሆን አንድ ቃል ልጨምር። መንግሥት ያተረፈው የመብራት ወጪ አይጠፋም፤ ወደ ሠራተኛው ቤት ይዛወራል። ሰፊ ቤት ያለው ሹም በሩን ዘግቶ ይሠራል፤ በአንድ ክፍል ከልጆቿ ጋር የምትኖር ጸሓፊ ግን ሕፃን በጕልበቷ አቅፋ የሰው ሒሳብ ታሰላለች። ባልዋም «ቤት አይደለሽ እንዴ?» ብሎ ወጡን ከእርስዋ ይጠብቃል። በሌላ በኩል፥ ለአራስ እናት፥ አካሉ ለደከመ ሠራተኛና ሁለት ሰዓት በመንገድ ለሚያጠፋ ሰው ይህ አሠራር ታላቅ እፎይታ መሆኑን መካድ አይገባም። ነገሩ የሚመዘነው በሁለቱም ወገን ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ይህ ሐሳብ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በማርች 2020 በኢትዮጵያ የፌደራል መንግሥት ብዙ ሠራተኞቹ ከቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ወስኖ ነበር። ወረዳዎችን በቪዲዮ ስብሰባ ለማገናኘት የተዘረጋው ወረዳኔትም ከዚያ በፊት የነበረ ነው። ነገር ግን የወረዳ መደበኛ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ የሚውል በመሆኑ፥ ከሕንፃ የሚተርፈው ጥቂት እንደሚሆን የሒሳብ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ደግሞም የእኛ ባለጉዳይ አብዛኛው ማመልከቻውን በእጁ ይዞ፥ ከገጠር በእግሩ መጥቶ፥ ሹሙን በዐይኑ ማየት የሚፈልግ ነው። የላይኛውን ፎቅ ብንዘጋ አይጐዳም፤ የታችኛውን ደጃፍ ብንዘጋ ግን መንግሥት ከእርሱ ዘንድ ጠፋ ማለት ነው።

ስለዚህ ለመሥሪያ ቤቴ የማቀርበው አስተያየት አራት ነጥብ አለው። አንደኛ፥ ከተከራየነው ሕንፃ የላይኛውን ፎቅ መልሰን፥ ባለጉዳይ የሚስተናገድበትን ምድር ቤት በሙሉ ሰዓትና በቂ ሠራተኛ እንያዝ። ሁለተኛ፥ ከቤት የሚሠራው ሠራተኛ የሚለካው በተፈጸመ ጉዳይ ቍጥርና ጥራት ይሁን፤ ይህ መለኪያ ሳይዘጋጅ ማንም ወደ ቤቱ አይላክ። ሦስተኛ፥ ከኪራዩ የሚተርፈው ገንዘብ ከቤት ለመሥራት ለማይችሉት ባልደረቦቻችን፥ ማለት ለግብር ሰብሳቢው፥ ለጽዳት ሠራተኛዋና ለጤና ተቈጣጣሪው፥ የመጓጓዣና የልብስ ወጪ ይመደብ፤ የበርሚንግሃም ዕዳ የጀመረው ለአንዱ የተሰጠው ለሌላው በመከልከሉ ነውና። አራተኛ፥ አዲሱ የሒሳብ ሥርዓት በሙሉ ተፈትኖ እስኪታመን ድረስ አሮጌው መዝገብ አይዘጋ።

ይህ አስተያየት ጕድለታችንን በሙሉ እንደማይሞላ አውቃለሁ። ጕድለቱን የሚሞላው በሥርዓት የሚሰበሰብ ግብርና በሥርዓት የሚወጣ ወጪ ነው፤ እውነቱ በታወቀ ጊዜም ሳይፈራ የሚጽፍ የገንዘብ ሹም ያስፈልጋል። እናንተም አማርኛን በመማር ላይ ያላችሁ ባልደረቦቼ፥ «መሥሪያ ቤት» የሚለውን ቃል ስትጽፉ ሁለቱንም ክፍሎች አስቡ። ቤቱ ሊለወጥ፥ ሊሸጥ፥ ሊከራይም ይችላል። ሥራው ግን የሕዝብ ነው፤ ሕዝቡም ሥራውን የሚያገኝበት አንድ የተከፈተ በር ሊያጣ አይገባውም።